የማራገቢያው ፊት

ካፌው ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው። ምድር ቤት ኮምፒውተር የሚጠግነው ንፋሱ በዓለም ላይ አለ የተባለውን ግዙፍ ግራፊክስ ካርድ፣ ኮምፒውተር ሥዕል የሚሠራበትን ክፍል፣ አምጥቶ ለእህቱ ገጠመላት። ካርዱ ሦስት ማራገቢያ ነበረው፤ ሲነሣ መጋረጃ ያውለበልባል፣ ሲፋጠን የጎረቤት ድመት ያስነጥሳል። እህቲቱ ግን በቅናት ይሁን በእልህ አንዱን ማራገቢያ ገልብጣ ገጠመችውና ቤቱን በእሳት አያያዘችው። ጎረቤት ፍራሽ ተሸክሞ ሮጠ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ሁለተኛ መኪና የመጀመሪያውን ሊያጠፋ መጣ። ካርዱ አመድ ሆነ። ንፋሱም ከዚያን ቀን ወዲህ «ዓይኗን አታሳዩኝ» ብሎ ምሎ ተገዘተ።

ወሬው ያማረ ወሬ ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር ግን አለው። ነደደ በተባለው ቤት መስኮት ላይ ያው የድሮው መጋረጃ እስከ ዛሬ ተንጠልጥሏል። ደግሞም ወሬውን የሚያሰራጨው ከካፌው አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ በየደንበኛው ጭንቅላት ላይ እሳቱን አንድ ፎቅ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ምድር ላይ ያለው ቤት አሁን አራተኛ ፎቁ እየነደደ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላሉ አባቶች፤ በዚህ ካፌ የሚጨመረው ግን ቤንዚን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያጠራጥረው የንፋሱ የራሱ ዝምታ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም የንፋሱ ጆሮ ባዳ አልነበረም። ወሬው ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ ሲያድግ፣ ሲወፍር፣ ጥርስ ሲያበቅል እያየ ሻዩን ያማስል ነበር።

ንፋሱ የሚለውን ስም ያወጣለት ሥራው ነው። ሱቁ ከሕንፃው ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በሐሳብ ብቻ የሚቆምባት ክፍል ናት። የታመመ ካርድ ሲመጣለት ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ማራገቢያውን ያስነሣና የእጁን ጀርባ ከፊቱ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። «ይቺ ትዞራለች እንጂ አትነፍስም» ይላል። ወይም «ይሄ ጉንፋን ይዞታል፣ አቧራ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ልክ ካልሆነም ዓይኑን ጨፍኖ የተናገረን ሰው የሚከራከር የለም።

ደግሞ ያስተምራል። ሳይጠየቅ ያስተምራል። «ሰው ማራገቢያ ሁሉ አንድ ይመስለዋል» ብሎ ይጀምራል። «ክንፉ ሰፋ ያለ እንደሆነ ቀስ ብሎ እየዞረ ብዙ ንፋስ ይሰጣል። ጠባብ እንደሆነ እየጮኸ ይሮጣል። ይቺን ቀለበት አየሃት? የክንፎቹን ጫፍ አንድ ላይ የያዘችው? ንፋሱ በጎን ሾልኮ እንዳይቀር ነው። ሦስት ሲሆኑ ደግሞ መሃለኛው ወደ ግራ ከዞረ ዳርና ዳሩ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ቢዞሩ እንደ ክፉ ጎረቤት ድንበር ላይ ይጋጩና ንፋሱ በጠባቸው መሃል ባክኖ ይቀራል።» በዚህ ምክንያት ቻርጀር ሊገዛ የገባ ሰው ሦስት ማራገቢያ ታቅፎ ሲወጣ፣ ቻርጀሩን የሚያስታውሰው ቤቱ ደርሶ ስልኩ ሲዘጋበት ነበር።

ይህ ሁሉ ሰው «ንፋሱ» ሲለው አንዲት ሴት ብቻ «ማሙሽ» ትለዋለች። ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስታርፍ ገና ኮረዳ ነበረች፤ የራሷን ወግ ማዕረግ ወደ ጎን ትታ እሱን አሳደገች። ትንሽ ሳለ ሬዲዮዋን ፈታትቶ መልሶ ሲገጥመው ግማሹ ብሎን መሬት ላይ ቀረ፤ ሬዲዮውም አንደበቱ ተዘጋ። «ተወው ማሙሽዬ፣ ዜናው ራሱ ደስ አይልም ነበር» አለችው። ፀጉሩ ከግንባሩ ለቆ ወደ ማጅራቱ ከተሰደደ በኋላም ማሙሽ ነው። ደንበኛ ፊት «አንተ ማሙሽ፣ ምሳህን በልተሃል?» ስትለው ያፍራል፤ ሳትለው ከዋለች ደግሞ ቀኑ ይጎድልበታል።

እሷ የሕንፃ ሥዕል ትሠራለች። መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንፃ በኮምፒውተር አቁማ መስታወቱን ታበራለች፣ በረንዳው ላይ አበባ ታስቀምጣለች፣ ሰዎች ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ታሳያለች። ለዚህ ሥራ ጉልበተኛ ካርድ ያስፈልጋል፤ ነበራትም። አሮጌ ነው፤ አንዲት ከበሮ የመሰለች ማራገቢያ ከጫፉ አለችው። ከበሮዋ ንፋስ ትስብና በተዘጋ ቦይ ውስጥ አሳልፋ፣ ከነሙቀቱ በኮምፒውተሩ ጀርባ ቀዳዳ ታስወጣዋለች። ጠባብ ቤት ስለሆነ ኮምፒውተሩ የሚኖረው በር ያለው የግድግዳ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ የቁምሳጥኑ ጀርባ ተቀዶ ትንሽ መተንፈሻ ወደ ውጭ ወጥቶለታል። ካርዱ ትኩስ ትንፋሹን በዚያች ቀዳዳ ይተፋል፣ እሷም ትሠራለች።

ጩኸቱ ግን አያድርስ ነው። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት እቤቷ ልትጠይቃት በሄደች ጊዜ «ፀጉርሽን እያደረቅሽ ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። ይህች ጥያቄ በዚያው ሳምንት ካፌ ደረሰች፤ ካፌ የደረሰ ነገር ደግሞ ሳይስፋፋ አይወጣም። «የንፋሱ እህት ቤት አውሮፕላን ያርፋል አሉ!» ተባለ። ንፋሱ ፊቱ ጠቆረ። የማራገቢያ ሐኪም እህት በማራገቢያ ሲሣቅባት!

ስለዚህ ሳይነግራት ሄደና አሮጌውን ነቅሎ ባለ ሦስቱን ገጠመላት። ክንፎቹ ሰፋፊ፣ ቀለበታቸው ያማረ፣ ሥራቸው እንደ ሹክሹክታ።

«ይሠራል?» አለችው፣ ጆሮዋን ወደ ቁምሳጥኑ አስጠግታ።

«ከሱ በላይ የሚሠራ የለም፣ እትዬ።»

«አይሰማም እኮ። ሞቶ እንዳይሆን?»

«ጥሩ ነገር ድምፅ የለውም።»

«አሮጌዋን የት ልትወስዳት ነው? ለምጃታለሁ። ስትጮህ እየሠራች እንደሆነ አውቅ ነበር።»

ሣቀባት። ኋላ ላይ ስለ ካርዱ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ካፌው እያሰበ ራሱን ሲገርፍ ያቺ ሣቅ ልዩ ቦታ ነበራት። እህቱ ያለችው ልክ ነበር፤ እሱ ግን የባልቴት ወግ አድርጎ ሰማው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እህቱ ትልቅ ሥራ ያዘች። ለውድድር የሚቀርብ ሕንፃ ነው፤ ተመልካቹ ከበሩ ገብቶ ክፍል ለክፍል የሚዞርበትን ተንቀሳቃሽ ምስል አንድ ጠዋት ዳኞች ፊት ልታሳይ ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ስልክ ደወለች።

«ማሙሽ፣ በጣም ተንቀራፈፈብኝ። ቁምሳጥኑ በእጅ አይነካም፣ ምድጃ ሆኗል። ና እየው እስቲ።»

ንፋሱ ሱቁ በር ላይ ሰው ሰብስቦ ስለ ክንፍ ጠመዝማዛነት እያስተማረ ነበር። ወሬው ከሚጥምበት ቦታ ላይ ነው። «አሁን ሰው ቆሞብኛል፣ እትዬ። እዚያ መሳቢያ ውስጥ የተውኳት ትርፍ ማራገቢያ አለች አይደል? ከኮምፒውተሩ ሣጥን ጎን ግጠሚያት። ፊቷ ወደ ውጭ ይሁን።»

«ፊቷ ወደ ውጭ?»

«ፊቷ ወደ ውጭ። በቃ።»

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በአንዲት ቃል። የጠጋኞች ሰፈር የማራገቢያ ፊት የሚሉት ክንፎቹ ተገልጠው የሚታዩበትን ጎን ነው፤ ንፋስ የሚሳበው በዚያ ነው፣ አፍ ያለው ደግሞ ፊት ላይ ነው ብለው። እህቲቱ ግን ዕድሜዋን ከሕንፃ ጋር የኖረች ናት። የሕንፃ ፊት ስሙ የተለጠፈበት ጎን ነው። ማራገቢያዋን አገላብጣ አየች። በአንዱ ጎን ራቁት ክንፍ፣ በሌላው ጎን የፋብሪካው ስም የታተመባት ክብ ወረቀት። ስም ያለበትን ወደ ውጭ አድርጋ አራቱንም ብሎን ጥንቅቅ አድርጋ አሠረች። ንፋስ ልታስገባ የተባለችው ማራገቢያ ማስወጣት ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ቢያስነሡት እንደገና ቀጥ አለ። ሕንፃው ከሁለተኛ ክፍል ሳያልፍ ቀረ።

በማግስቱ ዳኞች ፊት በእጅ የተሣሉ ወረቀቶች ይዛ ቆመች። ሥራው ለሌላ ሰው ሆነ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ካፌው መጣች። ንፋሱ ከፀጉር አስተካካዩና ከሁለት ደንበኞች ጋር ተቀምጦ ነበር። ልትወቅሰው አልመጣችም፤ ይህን እሱ ራሱ ያውቀዋል። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ሻይ አዘዘች፣ የሆነውን ነገረችውና ማራገቢያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ እንዴት እንደገጠመቻት አሳየችው።

«ምን አጥፍቼ ነው፣ ማሙሽ?»

ፀጉር አስተካካዩ «ማሙሽ!» ብሎ ሻዩ ትን አለው። ደንበኞቹ አቀረቀሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ንፋሱ ጆሮው ጋለ። የገጠመው ካርድ ከሸፈ ሊባል ነው፣ ያውም በማሙሽ ስም። አፉ ከልቡ ቀደመው።

«ፊትና ጀርባ ለማይለይ ሰው ምን ይደረጋል!» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይኸው! ገልብጣዋለች! ካርዱን ጠበሰችው!»

ካፌው በሣቅ ፈረሰ።

እህቱ ማራገቢያዋን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሻይዋን አልጨረሰችም። ተነሣችና ጎንበስ ብላ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ «ደህና ይዋሉ። እርስዎ ያውቃሉ» አለችው።

እርስዎ! አዝላ ያሳደገችው ልጅ እርስዎ ሆነ። ስድብ ብትሰድበው ይሰደብ ነበር፤ በጥፊ ብትለው በሌላኛው ጉንጩ ይስቅ ነበር። «እርስዎ» ግን በር የሌለው ግድግዳ ነው፣ የሚያንኳኩበት ቦታ እንኳ የለውም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ተረት ንፋሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል፤ ያን ዕለት ነው የገባው።

ወሬው ከዚያች ጠረጴዛ ተነሥቶ ክንፍ አወጣ። «ጠበሰችው» ያላት ቃል እሳት ሆነች፣ እሳቱ ጭስ ወለደ፣ ጭሱ መኪና ጠራ። ነገሩ ደግሞ ለሱቁ በጀው፤ ያሳፍራል እንጂ በጀው። «የንፋሱ ካርድ ካልገለበጡት አይሞትም» ተባለና ሰው ጎረፈ። እሱም ዝም አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ጊዜ አለፈ፤ ቅጠሉን በእጁ ይዞ ቆሞ ነው ያለፈው።

ከሣምንታት በኋላ እህቱ ካርዱንና ማራገቢያዋን በሰው ላከችለት። ካርዱን እንደ አስከሬን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። የተቃጠለ ነገር ይሸታል ብሎ አሸተተው፤ አቧራና ፕላስቲክ ብቻ ሸተተው። ገጠመው። ሦስቱም ማራገቢያዎች ከእንቅልፍ እንደነቃ ሕፃን ሳይቸኩሉ ዞሩ። ደህና ነበር። ሲበዛ ሞቆት ራሱን ለማዳን ጠፋ እንጂ ምንም አልሆነም።

ያን ጊዜ ንፋሱ አንድ ነገር ጠረጠረ፤ የጠረጠረው እውነት ባይሆን ግን በወደደ። ከፍሪጅ ካርቶን የእህቱን ቁምሳጥን የሚያህል ሠራ፣ ከጀርባው ትንሽ ቀዳዳ ቀደደ፣ የሱቁን ኮምፒውተር ከቶ ዘጋው። ማራገቢያዋን እሱ ባለው መንገድ፣ የሱን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ ገጠመ። ካርዱ ሠራ፣ ሠራ፣ ጋለ፣ ዘገየ፣ ጠፋ። አበረደውና በእህቱ መንገድ ገልብጦ ገጠመው። ጋለ፣ ዘገየ፣ ጠፋ፤ ግን ከቅድሙ ዘግይቶ ጠፋ። ተገለበጠች የተባለችው ማራገቢያ በትክክል ከተገጠመችው በተሻለ ታግላ ነበር።

ነገሩ ማራገቢያዋ ላይ አልነበረም። ባለ ሦስቱ ካርድ ሙቀቱን ከራሱ ላይ አራግፎ ሣጥኑ ውስጥ ይበትነዋል፤ ቤት ጠርጎ ቆሻሻውን አልጋ ሥር እንደሚከት ሰው። ሰፊ ሜዳ ላይ ንጉሥ ነው። ቁምሳጥን ውስጥ ግን የተፋውን ትንፋሽ መልሶ ይስባል፤ ተጨማሪ ማራገቢያ ቢያስገቡለትም ያንኑ ትኩስ አየር ታመጣለታለች። አሮጌዋ ጯሂ ከበሮ ግን ቆሻሻዋን እስከ በሩ ጠርጋ ነበር የምታወጣው። ለማረጋገጥ እሷኑ ከሱቁ ዕቃ ሥር ቆፍሮ አውጥቶ ካርቶኑ ውስጥ ገጠማት። ጮኸች። የላይኛው ፎቅ ሰው ወርዶ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ቀኑን ሙሉ ጮኸች፣ ቀኑን ሙሉ ሠራች።

ንፋሱ ካርቶኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያን ጩኸት ሲሰማ ዋለ። ስትጮህ እየሠራች እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ብላው ነበር።

ሊነግራት ሄደ። በሩን ከፈተችለት።

«ይግቡ።»

ገባ።

«ይቀመጡ። ሻይ ይጠጣሉ?»

ሻዩን በሁለት እጇ አቀረበችለት። የቤቱን ምርጥ ስኒ አውጥታለች፤ እሱ ልጅ ሳለ እንዳይሰብር ከቁም ሣጥን አናት ላይ የሚሰቀለውን። «እትዬ…» አለ።

«አቤት።»

አቤት! ታላቅ ለታናሽ አቤት ሲል ሰምቶ አያውቅም። ያዘጋጀውን ንግግር ትቶ፣ «ቻርጀር ረስቼ እንደሁ ብዬ ነው» አለና ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በየሣምንቱ እሑድ እየሄደ ያልረሳውን ነገር ይፈልጋል። ቻርጀር፣ ፒንሳ፣ ባትሪ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጃንጥላ፤ ኖሮት የማያውቀውን። እሷም ከልቧ ትፈልግለታለች፣ አልጋ ሥር ሳይቀር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላገኘሁትም» ትለዋለች። በመካከላቸው ነፋስ ገባ የሚባለው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነፋስ ደግሞ በእጅ ጀርባ የሚለካው ሐኪም የለም።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ከሰዓት አንድ አርክቴክት ካፌው ገባ። መንገድ ማዶ ያለው ትልቁ ቢሮ የሱ ነው። ፀጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ አስቀድሞ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ሻይ ያዘ። ንፋሱ አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ያቺ የሕንፃ ሥዕል የምትሠራዋን ሴትዮ ታውቃታለህ?» አለ አርክቴክቱ። «የሥዕል ክፍሉን የምትመራልኝ ሰው ፈልጌ ነበር። እጇ ጥሩ ነው። ነገ ልጠራት አስቤ፣ ሰው አንድ ነገር አለኝ።»

«ኧረ ጌታዬ!» ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን አስጠጋ። ከዚያ ወረደበት፤ ሦስቱ ማራገቢያ፣ ድመቷ፣ ቅናቱ፣ እሳቱ፣ ፍራሹ፣ ሁለቱ መኪና። አምስተኛው ፎቅ ላይ ደርሶ ሲያርፍ፣ «አርባ ፎቅ ይስጧትማ፣ ጣሪያውን ምድር ቤት ታደርግልዎታለች!» አለ።

ካፌው ሣቀ። አርክቴክቱ ግን አልሣቀም። «እንግዲያስ ይቅርብኝ» አለ። «ፊትና ጀርባ የማትለይ ሰው በቢሮዬ ልጆች ላይ አላስቀምጥም።»

«ካላመኑኝ ይኸው ባለቤቱ!» ፀጉር አስተካካዩ ንፋሱን ትከሻውን መታ አደረገው። «ዋሸሁ እንዴ? ተናገር እስቲ፣ የማራገቢያው ሐኪም!»

ንፋሱ ማማሰያውን አስቀመጠ። ካፌው ውስጥ ካሉት ግማሾቹ ደንበኞቹ ናቸው። ካርዳቸውን እሱ መርጦላቸዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያለውን አምነው ወስደዋል። አንዲት ቃል ቢናገር ነገ ምድር ቤቱ ጭር ይላል። ዝም ቢል ደግሞ እህቱ ስልክ አይደወልላትም፤ ለምን እንዳልተደወለላትም አታውቅም። ቢናገርም «ማሙሽ» ላትለው ትችላለች። ማሙሽነቱን ለማስመለስ የሚሆነው ቀን ይህ አልነበረም። ለዚያ የሚሆነው፣ ማራገቢያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ የጠየቀችው ቀን ነበር።

ወንበሩን አዞረና ፀጉር አስተካካዩን ሳይሆን አርክቴክቱን አየው።

«ዋሽቷል» አለ። «እሳት አልነበረም። ጭስም አልነበረም። መኪና አልመጣም፣ አንድም፣ ሁለትም። ካርዱ አልተቃጠለም፤ ከታች ሱቄ ውስጥ ይሠራል፣ የፈለገ ወርዶ ይየው። ሙቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለዚያ ቁምሳጥን የማይሆን ካርድ የገጠምኩት እኔ ነኝ። እሷ በስልክ ያልኳትን ነው የሠራችው። አልቀናችም። «ዓይኗን አታሳዩኝ»ም አላልኩም፤ በየእሑዱ እሄዳለሁ። ከተወራው ሁሉ ውስጥ አንዲት እውነት የለችም።»